ወደ ታች የተመለሰው ውኃ

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነሽልኝ እማ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመምስ ዘንድሮ ተወሽ? አጎቴ ኑርሁሴን ደህና ነው? ላሚቱ ወለደች ወይስ እንዳምናው አሞኝታችሁ ቀረች? እኔ አልሐምዱሊላህ በእግሬ ቆሜ እሠራለሁ። ልቤን ከጠየቅሽኝ ግን ደህና አይደለሁም፤ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽም ከአጻጻፌ ታውቂብኛለሽ።

ይህን የሚያነብልሽ መምህር ሳዲቅ መሆኑን አውቃለሁ። ሰላምታው በዛ፣ ወሬው ረዘመ እያለ መስመር የመዝለል ልማድ አለው። ዛሬ የሚዘለል መስመር የለኝም በይልኝ። ካጠፋሁ ስመጣ ይቆጣኝ።

ነገሩ በሽር ነው። አልታመመም፣ አልታሰረም፣ አትደንግጪ። ነገር ግን ካለበት ቦታ ቶሎ ካልወጣ ልጅሽን እናጣዋለን። እኔ ለምኜው እንቢ አለኝ። አንቺን ብቻ ነው የሚሰማ። ስለዚህ ከአንቺ የምፈልገው ልብስም ቅቤም በርበሬም አይደለም፤ ድምፅሽን ነው። አጎቴ ኑርሁሴን ያንን ቴፑን ይክፈትና ባዶ ካሴት ያስገባ፤ የምትይውን ከታች ጽፌልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ሳታውቂ ተናገሪ ብልሽ አንቺም እንደኔ ትሳሳቻለሽ።

በሽር ካርቱም በገባ በዓመቱ ሁለት ጊዜ ከሻ ይዞታል። ይህን ደብቀንሽ ነው። ከሻ የሚባለው ፖሊስ ድንገት ሰፈር ከብቦ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሁሉ እያፈሰ መኪና ላይ የሚጭንበት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሳስፈታው ጸጉሩን ላጭተውታል፣ ጫማ የለውም፣ ከንፈሩ አብጧል፣ እሱ ግን እየሳቀ ወጣ። ምን ጊዜም ይስቃል፤ ታውቂው የለ። እኔ ያን ቀን ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ከዚህ ከተማ ላውጣህ ብዬ ማልኩ።

የምሠራበት ቤት ባለቤት ባሽሙሃንዲስ ሙጅታባ የመሬት ምሁር ነው፤ ባሽሙሃንዲስ እዚህ መሐንዲስን አክብረው የሚጠሩበት ነው። ነዳጅ ከሚያወጣ ኩባንያ ጋር ነው የሚሠራ። ስድስት ዓመት ቤቱን ስጠርግ፣ ልብሱን ስተኩስ አንድ ነገር ለምኜው አላውቅም ነበር፤ ለወንድሜ ለመንኩት። በሳምንቱ በሽር ነዳጁ ከሚወጣበት ካምፕ ወጥ ቤት ተቀጠረ። ከዚህ ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና ወደ ደቡብ የሚኬድበት፣ ሜዳና ቁጥቋጦ ብቻ ያለበት አገር ነው። ከሻ የማይደርስበት ቦታ አገኘሁለት ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ። እዚያ የላክሁት እኔ ነኝ እማ፤ ይህን ያዢልኝ።

የካምፑ አለቃ በሳተላይት የሚሠራ ስልክ አለው። አርብ አርብ ለሠራተኞቹ አምስት አምስት ደቂቃ ያውሳቸዋል። በሽርም አርብ በመጣ ቁጥር እዚሁ ወደ ባሽሙሃንዲስና ወደ ሚስቱ ወደ እመቤቴ ሑሪያ ቤት ይደውላል፣ እኔ ወጥ ቤት ካለው ስልክ አነሳለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ አርብ ድምፁ ሌላ ሆኖ መጣ። መሬት ተንቀጠቀጠች አለኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ። ድስት ከመደርደሪያ ወድቋል፣ አንድ ሱዳናዊ ዳቦ ጋጋሪ ሻንጣውን አንስቶ ሄዷል፣ እሱን ጨምሮ ከኛ አገር የመጡት ዘጠኝ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ይተያያሉ። እማ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርግ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ያኔ ሕፃን ስለነበር አያስታውስም።

እኔ ምን አልኩት? ያደግንበትን ነዋ። መሬት ስትናወጥ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተሽ በአንድ ጣሪያ ሥር ትሰበስቢ አልነበር? ሴቱ በዚህ፣ ወንዱ በዚያ፣ ሕፃኑ በመሐል፤ እስክትረጋ ድረስ ዱዓ ይደረጋል። ወደ ውጭ የሮጥነውን ልጆች ጆሯችንን ይዘሽ ትመልሺን ነበር፤ ከአላህ ወዴት ትሸሻላችሁ እያልሽ። አንቺ ልጃገረድ ሳለሽ በሃምሳ ሦስቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አያታችን መንደሩን በሙሉ ቤቱ አስገብቶ አንድ ሰው ሳይጫር ወጣ ብለሽ አጫውተሽናል። ይህንኑ ነገርኩት። ከድንኳናችሁ ውጡና አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብሰቡ፣ ዱዓ አድርጉ፣ ሰው ቢሸሽ እናንተ አትሽሹ፣ እማም የምትለው ይህንኑ ነው አልኩት። አንቺ ሳትሰሚ በአንቺ ስም አዘዝኩት።

እሱም ያዘው። መሬት በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትልቁን ድስት በጭልፋ እየመታ ሰዉን ከየድንኳኑ ይጠራና ወደ መመገቢያው አዳራሽ ያስገባል። መጀመሪያ የኛዎቹ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ሱዳናውያኑም ገቡ። ዱዓውን የሚመራው እሱ ነው። ቁርዓን ቤት ምንጣፉ ላይ ተኝቶ እያንኮራፋ የተባረረው ልጅሽ እዚያ ሼህ በሽር ተባለልሽ። በስልክ ሲያጫውተኝ ሳቅን። ሼሁ ዛሬ ምን ቀቀሉ እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ።

ጥቅምት ውስጥ ከኩባንያው ሦስት ሰዎች ወደ ቤት መጡ። እኔ የሎሚ ጭማቂ ይዤ ሳሎን ስገባ ዚልዛል ሲሉ ሰማሁ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ግን ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሞ የሰማ ጆሮ ብዙ ያውቃል። ብርጭቆ እያነሳሁ፣ ብርጭቆ እያስቀመጥኩ ዘገየሁ። ባሽሙሃንዲስ መንቀጥቀጡ ከውኃው ነው፣ ውኃው ይቀነስ ይላል። እነሱ ውኃው ከተቀነሰ ነዳጁም ይቀነሳል፣ የተፈጥሮ ነው ብለህ ጻፍ ይላሉ። አንዱ ጠረጴዛውን መታ። ሲወጡ በፈገግታ ተጨባብጠው ነው የተለያዩት።

በማግስቱ ልጁን አስማእን ጠየቅኋት። ዩኒቨርሲቲ የአባቷን ትምህርት ነው የምትማር፤ እኔ ያሳደግኋት ያህል ስለሆነች አትደብቀኝም። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ነዳጁ ከመሬት ሲወጣ ለብቻው አይወጣም፣ ብዙ ጨዋማ ውኃ ይዞ ይወጣል። ያ ውኃ ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። ስለዚህ በሌላ ጉድጓድ በኃይል ገፍተው ወደ ጥልቁ ይመልሱታል። እዚያ ታች ከጥንት ጀምሮ ተጣብቀው የኖሩ ድንጋዮች አሉ፤ ውኃው በመሐላቸው ይገባል። ከዚያ ከማጠቢያው ሁለት ሳህን አንስታ አንዱን በአንዱ ላይ ገጥማ ያዢ አለችኝና የሳሙና ውኃ አፈሰሰችበት። ላይኛው ከእጄ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳህን ሳጥብ ኖሬ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም ነበር።

ስባሪውን እየጠረግሁ ነው ሌላው ነገር የመጣልኝ። እማ፣ የኛ ቤት ጣሪያው ሣር ነው። ቢወድቅም ሰው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። አያታችን መንደሩን ያተረፈው በዱዓው ነው፣ አሚን፤ ግን ጣሪያውም ሣር ነበር። በሽር ያለበት አዳራሽ ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው በሙሉ ሲሚንቶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ቢተኛ ምንም የማይነካውን ልጅ ከሸራ ሥር አስነስቼ ከሲሚንቶ ሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ የኛው መሬት ጥቂት ተናውጣ ትረጋለች። የዚያኛው አይረጋም፤ ውኃው በየቀኑ ይገባበታላ።

ያን ቀን ባሽሙሃንዲስን ከሥራ ሲመለስ ጠብቄ ወንድሜን አውጣልኝ አልኩት። መጀመሪያ ይህ የወጥ ቤት ወሬ አይደለም አለኝ። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው አለ። ቀጥሎ አዳራሹ በደንብ የተሠራ ነው አለ። መጨረሻ ላይ ፊቱን ሳያዞር ሻይ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እመቤቴ ሑሪያ ደግሞ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ በሱ ስም መሆኑን አትርሺ፣ አንድ ቃል ብትደግሚ ድንበር ትጣያለሽ አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እሷም ፈርታለች። እኔም ፈራሁ። ፈርቼም ሻዩን ቀዳሁለት።

አርብ በሽር ሲደውል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሳቀ። ካርቱም አበላሽቶሻል አለኝ። የአላህን መሬት ሰው በውኃ ያናውጣታል ወይ፣ ኢማን የት ሄደ አለኝ። አዳራሹን ትቼ ብወጣ ከኋላዬ የሚገባው ሰው ምን ይለኛል፣ እኔ ነኝ የምጠራቸው አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ እማ ተሰብሰቡ ብላለች፣ እማ ራሷ በአፏ ውጣ ካላለችኝ አልነቃነቅም አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። አየሽው? ያንቺን ቃል ጫንኩበት፣ ማንሳት ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ በካሴቱ ላይ እንዲህ በይው። በሽር፣ እኔ እናትህ ነኝ። ከአዳራሹ ውጣ። መሬት ስትናወጥ ሰዎችህን ይዘህ ሜዳ ላይ ቁም፤ ዱዓውን ሜዳ ላይ አድርግ፣ አላህ ሜዳም ላይ ይሰማል። ከዚያ ሥራውን ትተህ ወደ እህትህ ና። ከሻ ቢይዝህም ይያዝህ። በዚሁ ላይ እንደ ልማድሽ ስሙን አቆላምጠሽ ጥሪው፤ አንቺ መሆንሽን ያኔ ያምናል። ይህን ደብዳቤ ሉጥፊያ ታመጣዋለች፤ እዚህ ካርቱም ጎረቤታችን ናት፣ በመተማ በኩል ቤተሰቧን ልትጠይቅ ልትገባ ነው። አሥር ቀን ቆይታ ትመለሳለች። ካሴቱን ለሷ ስጫት፤ በሽር አርብ ሲደውል በስልኩ አሰማዋለሁ።

ታኅሣሥ 1 ቀን

እማ፣ ደብዳቤው እስካሁን ፍራሼ ሥር ነው። ለሉጥፊያ የመውጫ ማህተም ነገ ነገ እያሉ አልመቱላትም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ቤቷ እየሄድኩ ሻንጣዋን አያለሁ። እሷም እኔን ስታይ ፊቷን ትሸፍናለች፤ አስጨንቄያታለሁ።

ትናንት አርብ በሽር ደውሎ ነበር። የአሁኑ ከሁሉም የበረታ እንደነበርና የአዳራሹ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደተሰነጠቀ ነገረኝ። እጄን ሊያስገባ ይችላል አለ። እና ምን አደረጋችሁ ስለው ጭቃ በገለባ አቡክተን ለሰንነው አለኝ፤ ኩራት ነበረው። እኛ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ አንቺ የምታደርጊውን ነው ያደረገ። ብሎኬትን በጭቃ። ምን ብዬ ልሳደብ፣ ያስተማርነው እኛ ነን።

ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄጄ ለካምፑ ሠራተኛ የሚያቀርበውን ሰው ቢሮ አገኘሁ። ወንድሜን መልሱልኝ አልኳቸው። ወንድምሽ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀት ከየት ይመጣል? ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ድልድዩን እስክንሻገር አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረች ሱዳናዊት አሮጊት ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ሄደች።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ትናንት ስልኩን እንደያዝኩ እማ ታማለች፣ አፏ ተይዟል፣ ድረስ ልለው ነበር። ይህን ብነግረው ሌሊቱንም ሳይጠብቅ ይመጣ ነበር። ቃሉ ጫፍ ላይ ደርሶ አፌ እንቢ አለኝ። በሕይወት ባለሽ እናቴ ላይ እንዴት ላሟርት? እንዲሁ እያለሁ አምስቱ ደቂቃ አለቀች።

ሉጥፊያ ሐሙስ እነሳለሁ ብላኛለች፣ ኢንሻአላህ። ካሴቱን ቶሎ አድርሱልኝ። ድምፅሽ ቢጎረንንም ግድ የለም።

ታኅሣሥ 8 ቀን

እማ፣ የካሴቱ ነገር ይቅር። አትቅጂ።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ሽንኩርት ስልጥ ባሽሙሃንዲስ ሙጅታባ ከሥራ ሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ገባ። ዱካው፣ አጭሩ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ ከደረቱ እየገጠመ። ቢላዋውን ከእጄ ተቀብሎ አስቀመጠው። ዘጠኙም አዳራሹ ውስጥ እንደነበሩ፣ ድስቱ ሲመታ ከየድንኳኑ ተነስተው እንደገቡ ነገረኝ። ሌላ የነገረኝን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። እሱም ሲያለቅስ አየሁት፤ ማባበል አልቻልኩም።

ሐሙስ ያኔ ሳሎን የመጡት ሰዎች ዳግም መጡ። በዚህ ጊዜ እኔን ፈልገው ነው። አንድ ማዳበሪያ ስኳር ይዘው መጥተው ጓዳዬ በር ላይ በርጩማ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። ለበሽር ፋቲሓ ቀሩለት። ከዚያ ትልቅየው በጣም በለሰለሰ ድምፅ ይህ ከአላህ ነው፣ ከአላህ ወዴት ይሸሻል አለኝ። እማ፣ እኔ በስልክ ለበሽር ያልኩትን ቃል በቃል መልሶ ነገረኝ። እኔ ያልኩት አምኜ ነው። እሱ ግን ስንት ውኃ እንደተላከ ያውቃል። ቀና ብዬ ውኃው አሁንም እየወረደ ነው ወይ ብዬ በዐረብኛ ጠየቅሁት። ተያዩ። ተነስተው ወጡ። እመቤቴ ሑሪያ በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች፤ ስለ ኢቃማው ምንም አላለችኝም።

ምነው ያን አርብ ታማለች ባልኩት። ምነው ባሟረትኩብሽ። አንቺ ዱላ አንስተሽ ትመቺኝ ነበር፣ እሱም እያኮረፈ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።

አስማእ አባቷ መጀመሪያ የጻፈውን ወረቀት ቅጂውን አምጥታ ሰጠችኝ፤ ውኃው ይቀነስ የሚለውን፣ በኋላ በሌላ የተለወጠውን። ዐረብኛ ስለሆነ እዚያ የሚያነበው አይኖርም። ይሁን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ፣ አጎቴ ያስቀምጠው። እዚህ ያሉትን የሌሎቹን ስምንት ልጆች ዘመዶች ዛሬ ጀምሬ አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነው፤ ሁሉም ከአላህ ነው ተብለዋል። እኔ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ድንበር ቢጥሉኝም ይጣሉኝ፤ አንቺ ጋ ነው የሚጥሉኝ።

ሉጥፊያ ነገ ትነሳለች። ቀጥታ ወደ አንቺ አትመጣም። አጎቴ ኑርሁሴን ቤት አድራ ወረቀቱን ለሱ ትሰጣለች። ሱብሂ እንደሰገዱ እሱና መምህር ሳዲቅ፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ አብረው ወደ አንቺ ይመጣሉ። በዚያ ማለዳ በሩን ስትከፍቺ ግቢው በሰው ተሞልቶ ብታዪ እንደዚያ እንዲሆን ያልኩ እኔ ነኝ፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚነበብልሽ ከዚያ በኋላ፣ አንቺ ስትጠይቂ ብቻ ነው። ባትጠይቂም አልቀየምም።

የመጣው ሰው ሁሉ ከአላህ ነው ይልሻል። አሚን በያቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሌላ የሚሉት የላቸውም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺን ግን በዚህ ነገር ከአላህ ጋር ላጣላሽ አልፈልግም። ውኃውን ወደ ታች የላኩት ሰዎች ናቸው። ልጅሽን በአንቺ ስም ጠርቼ ከጣሪያው ሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እማ ያለችኝን እያደረግሁ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ሌላ የማጽናኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ይህም ማጽናኛ ይሁን እርግማን አላውቅም። አፉ በይኝ።

አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እኔንም እጅሽን ስሜ እስክለምንሽ ያቆየኝ። ለአጎቴም፣ ለጎረቤቱም፣ በዚያ ማለዳ አጠገብሽ ለሚቀመጡት ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አፉታሽን የምትጠብቅ ልጅሽ